ደብረ ማርቆስ ልጣጩን ትጥላለች፣ ጎዛምን ማዳበሪያ ይጠብቃል

በደብረ ማርቆስ በየቤቱ በር ጥግ የምትቆም አንዲት ከረጢት አለች። ሰው ሁሉ «ማዳበሪያ» ይላታል። መጀመሪያ ዩሪያ ይዛ ከወደብ የመጣች፣ ቀጥላ ታጥባ እህል የያዘች፣ አርጅታ ደግሞ የቆሻሻ መያዣ የሆነች ናት። ጠዋት የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ ከምድጃ የተጠረገ አመድ ይገባባታል። ማታ ፌስታልና የተሰበረ ብርጭቆ ይጨመርባታል። ጋሪው ሲመጣ ይወስዳታል። ጋሪው ከቀረ ደግሞ ጨለማን ተገን አድርጎ ወንዝ ዳር ወይም ቱቦ ውስጥ የሚገለብጣት አይጠፋም።

ስሟ ማዳበሪያ፣ የያዘችውም አብዛኛው ማዳበሪያ መሆን የሚችል ነገር፤ መጨረሻዋ ግን ገደል።

ከከተማው ወጣ ሲባል ጎዛምን ነው። እዚያ ያለው ገበሬ በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ማዳበሪያ መጣ ወይ?» ከተማው ማዳበሪያ ይጥላል፣ ገጠሩ ማዳበሪያ ይጠብቃል። በመካከላቸው ያለው ርቀት የአንድ አህያ መንገድ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

▪️ ጓሮ ድሮ ምን ነበር?

ይህ ጉዳይ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ትምህርት የሚመስለው ሰው ካለ፣ ወደ አያቱ ጓሮ ይመለስ። የጎጃም ገበሬ ቤት ከኋላው ጓሮ አለው። ጌሾው፣ ጎመኑ፣ ዱባው፣ ቃሪያው፣ በቆሎው የሚበቅለው እዚያ ነው። የጓሮ አፈር ከሩቁ ማሳ አፈር ይልቅ የጠቆረና የለሰለሰ መሆኑን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ዶማ ይበቃል። ምክንያቱም አመዱ፣ ጥራጊው፣ የበረት ፍጉ፣ የልጣጩ ሁሉ ማረፊያ ጓሮ ነበር። የአፈር ተመራማሪዎችም በኢትዮጵያ ደጋ ያገኙት ይህንኑ ነው፤ መሬት ከቤት በራቀ ቁጥር ለምነቱ ይቀንሳል። ቤት ስለ መገበ ጓሮው ጠገበ፣ ማሳው ስለ ራቀ ተራበ።

ምግብም በከንቱ አይጣልም ነበር። የደረቀ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል፣ ያደረው ይፈረፈራል። የጠላ አተላ ለከብት ይሰጣል። ከድግስ የተረፈው ለጎረቤትና ለችግረኛ ይደርሳል። የቀረውን ውሻና ዶሮ ይካፈሉታል። «ቆሻሻ» የሚባል ነገር በዚያ ቤት በጣም ጥቂት ነበር። ሴቶች ያለ ደመወዝና ያለ ምስጋና የሚያካሂዱት ሙሉ የአያያዝ ሥርዓት ነበር ማለት ይቻላል።

መንቆረር ተብላ ትጠራ የነበረችው ደብረ ማርቆስ እያደገች ስትሄድ ጓሮው ጠበበ። በአንድ ግቢ አምስትና ስድስት ተከራይ ገባ። ጓሮው ሰርቪስ ቤት ተሠራበት፣ የቀረው ሲሚንቶ ተደረገበት። ልጣጩ ግን አልቀነሰም። ሰው በዛ፣ አፈር ራቀ፣ ፌስታል መጣ። ትናንት ጓሮ ይገባ የነበረው ሁሉ ከፌስታል ጋር ተደባልቆ ለማንም የማይጠቅም ሆነ።

▪️ ገበሬው የሚጠብቀው ማዳበሪያ

ኢትዮጵያ የምትጠቀምበትን የኬሚካል ማዳበሪያ በሙሉ ከውጭ ስትገዛ ኖራለች። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የዓለም ገበያ ናረ፣ የጎጃም ገበሬም በዓመት ውስጥ ዋጋው በእጥፍና ከዚያ በላይ ጨምሮ አገኘው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ደግሞ በአማራ ክልል የማዳበሪያ እጥረት ገበሬውን አደባባይ አወጣው። ከዚያ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት መንገድ በዘጋ ቁጥር ማዳበሪያውም ይዘገያል። ዘር ግን ቀን አይጠብቅም።

ሌላው ችግር ከመሬት በታች ያለው ነው። ከአገሪቱ የሚታረስ መሬት 40 በመቶ ገደማው በአሲድ የተጠቃ ነው፣ የጎጃም ቀይ አፈር ደግሞ ከክፉኛ ተጠቂዎቹ ይቆጠራል። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ ለዘመናት ታጥቦ ሄዷል። አፈሩ ሲኮመጥጥ አሉሚኒየም ይነቃና የእህሉን ሥር ያቀጭጨዋል፣ ፎስፈረሱንም አስሮ ይይዛል። ስለዚህ ገበሬው ተበድሮ የገዛው ማዳበሪያ ከፊሉ አፈር ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ኖራ ያስፈልጋል። ኖራ ግን በሄክታር በብዙ ኩንታል የሚቆጠር፣ ከባድና ለማጓጓዝ ውድ ነው።

ለዚህ አፈር ዋናው መድኃኒት የነበረው ፍግ ደግሞ ወደ ምድጃ ገብቷል። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ማገዶ ሆነ። ኩበት በነደደ ቁጥር ናይትሮጅኑ ጭስ ሆኖ ይሄዳል፣ አፈሩን የሚያለሰልሰው ብስባሽም አብሮ ይጠፋል። ሰብል ሲወሰድ፣ ገለባ ለከብት ሲሄድ፣ ፍግ ሲነድ፣ ለመሬቱ የሚመለስለት ነገር የለም። ከጮቄ የሚወርደው ጎርፍ ደግሞ የተረፈውን አፈር በጨሞጋና በሌሎች ወንዞች አድርጎ ዓባይ ውስጥ ይከተዋል። ድንቹ፣ ጤፉ፣ ስንዴው ከገጠር ወደ ከተማ ይገባል፤ ከከተማ ወደ ገጠር የሚመለስ አንዳች ለምነት የለም። መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ሆኗል።

▪️ ቆሼን ያላየ አይማር

ቆሻሻን አንድ ቦታ መከመር ምን እንደሚያመጣ አገሪቱ በመራራ ዋጋ ተምራዋለች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ረጲ የሚገኘው የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሳይለይ የተከመረ ክምር ነበር።

ደብረ ማርቆስ አዲስ አበባን አታህልም፣ ክምሯም ቆሼን አያህልም። ነገር ግን የኢትዮጵያ ከተሞች ቆሻሻ አንድ የሚያደርገው ባሕርይ አለ፤ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነገር ነው። የሚበሰብስ ነገር አየር አጥቶ ሲታፈን ሚቴን ያወጣል፣ ይሸታል፣ ይቃጠላል፣ ውሃው ወደ ወንዝ ይሰርጋል። ያው ነገር አየር እያገኘ ሲበሰብስ ግን አፈር ይሆናል። ልዩነቱ ቴክኖሎጂ አይደለም፤ መለየት ነው።

መለየትን ሕጉም ያውቀዋል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 እያንዳንዱ የቤተሰብ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚወገደው እንዲለይ አዝዞ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። የጎደለው ትእዛዝ አይደለም። ሰው ለይቶ ቢያስቀምጥ እንኳ ጋሪው መጥቶ ሁለቱንም አንድ ላይ ይገለብጠዋል። የለየው እጅ በሚቀጥለው ሳምንት መለየቱን ይተወዋል። ትክክልም ነው፤ ለምን ይደክማል?

▪️ ተሞክሮ አለ

በ1988 ዓ.ም. በትግራይ አንድ ሥራ ተጀመረ። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና የዕፅዋት ተመራማሪዋ ሱ ኤድዋርድስ፣ የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት በሚባለው ድርጅት በኩል፣ ከገበሬዎችና ከግብርና ባለሙያዎች ጋር ሆነው ኮምፖስትን በተራቆተ መሬት ላይ መሞከር ያዙ። ለዓመታት ምርቱ ከየማሳው ተለክቶ ሲመዘገብ የተገኘው ውጤት ብዙዎችን አስገረመ። ኮምፖስት ያገኘው ማሳ ምንም ካላገኘው እጥፍ ገደማ ሰጠ፣ በአብዛኛው ሰብልም ከኬሚካል ማዳበሪያው አላነሰም። ከዚያ በላይ ደግሞ የኮምፖስቱ ጉልበት ለቀጣዩ ዓመትም ተረፈ። ዩሪያ ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ ይገዛል። ዶክተር ተወልደ ብርሃን በ2015 ዓ.ም. አረፉ፤ ሥራቸው ግን የአገሪቱ የግብርና ኤክስቴንሽን አካል ሆኖ ቀርቷል።

በከተማም ተሞክሯል። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የከተማ ቆሻሻን ወደ ኮምፖስት የሚቀይር ፕሮጀክት በስድስት ከተሞች ተሠርቷል፤ ባሕር ዳር፣ አዳማ፣ ቢሾፍቱ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳና መቀሌ። ደብረ ማርቆስ ከስድስቱ ውስጥ የለችም። ይህ ግን ሰበብ አይሆናትም፤ ጉድጓድ ለመቆፈር የፕሮጀክት ሰነድ አያስፈልግም።

ሩቅ አገር ለሚወድ ደቡብ ኮሪያ አለች። እ.ኤ.አ. በ1995 ከምግብ ትራፊዋ መልሳ የምትጠቀመው 3 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። በ2005 ትራፊ ምግብን መቅበር ከለከለች፣ በ2013 ደግሞ ቤተሰብ በጣለው ልክ እንዲከፍል አደረገች። ዛሬ ከሞላ ጎደል ሁሉም መኖ፣ ማዳበሪያ ወይም ጋዝ ይሆናል። ኮሪያውያን ከጎጃም እናቶች የበለጠ ብልሃት ስላላቸው አይደለም። ሥርዓቱ ስለ ያዛቸው ነው።

▪️ እንዴት ይሠራል?

ኮምፖስት እንደ ጠላ ነው፤ ድርሻውንና ጊዜውን ካገኘ ራሱ ይፈላል። ደረቅ ነገር ይበዛል፤ ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል፣ የተቀዳደደ ካርቶን። በላዩ እርጥቡ ይነጠፋል፤ ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የታረመ አረም። ከዚያ ስስ የፍግ ወይም የጓሮ አፈር ሽፋን። እንዲህ እየተደራረበ ቁመቱ አንድ ሜትር ይደርሳል። እርጥበቱ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ይሁን፤ ሲጨብጡት እጅ ያርሳል፣ ውሃ ግን አያፈስም። መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት ይሰካል። ከሳምንት በኋላ እንጨቱ ሲወጣ ትኩስ ከሆነ ሥራው ተጀምሯል። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ፣ ቀዝቃዛና የሚሸት ከሆነ ገለባና አየር ይፈልጋል። በየሦስትና አራት ሳምንቱ ይገለበጣል። ደጋ ስለሆነ ሦስት አራት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሲደርስ ጥቁር፣ ፍርፍር የሚል፣ ዝናብ የመታው የጫካ አፈር የሚሸት ነው።

የደብረ ማርቆስ ክረምት ኃይለኛ ነው። ስለዚህ በበጋ ጉድጓድ፣ በክረምት ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ክምር። ክረምት ላይ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ያተረፈው ኩሬ ነው።

አመድን በተመለከተ «አመድ በዱቄት ይስቃል» ይባላል። በጎጃም ኮምጣጣ አፈር ላይ ግን አመድ ቢስቅ አይፈረድበትም። የእንጨት አመድ ካልሲየምና ፖታሲየም አለው፣ የአፈሩንም ኮምጣጣነት ያበርዳል። የድሃ ኖራ ነው። ልኩ ግን ይታወቅ፤ ከትኩስ ፍግ ጋር ከተደባለቀ ናይትሮጅኑን ያተናል፣ ድንች የሚተከልበት መደብ ላይ ከበዛ ደግሞ የድንቹን ቆዳ ቅርፊታም ያደርጋል። ጎመንና ሽንኩርት ሥር በስሱ ቢበተን ይጠቅማል።

የማይገባውም ይታወቅ። ፌስታል፣ ባትሪ፣ ብርጭቆ፣ የታመመ ተክል፣ የውሻና የድመት ኩስ ከኮምፖስት ይርቃሉ። ሥጋና አጥንትም እንዲሁ፤ ጅብ ይጠራሉና።

▪️ «ግን» የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው

የመጀመሪያው ግን፦ «ኮምፖስት ዩሪያን ይተካል ወይ?» በሐቅ መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ጥሩ ደረቅ ኮምፖስት ውስጥ ያለው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ነው። ስለዚህ የአንድ ኩንታል ዩሪያ ናይትሮጅን ለማግኘት ከ23 እስከ 46 ኩንታል ኮምፖስት ያስፈልጋል፣ እሱም ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። የከተማ ልጣጭ የጎዛምንን የጤፍ ማሳ ሁሉ ያዳርሳል ብሎ የሚሰብክ ሰው ገበሬውን እያታለለ ነው። ኮምፖስት ግን ዩሪያ የሌለው ነገር አለው፤ አፈሩን ያለሰልሳል፣ ውሃ ያስይዛል፣ አሉሚኒየሙን አስሮ ሥሩን ያሳርፋል። ገበሬው የገዛው ማዳበሪያም በከንቱ እንዳይቀር ያግዛል። ቦታው መጀመሪያ ጓሮ፣ የችግኝ መደብ፣ የአትክልትና የድንች መሬት ነው።

መጠኑም የሚናቅ አይደለም። አንድ ቤት በቀን አንድ ኪሎ የሚበሰብስ ነገር ቢጥል በዓመት 365 ኪሎ ነው። አንድ ሺህ ቤት ሲሆን 3,650 ኩንታል። በስብሶ ሲሦው ቢቀር እንኳ 1,200 ኩንታል ገደማ አፈር ነው። ዛሬ ይህ ሁሉ የሚሄደው ወደ ገደል ነው።

ሁለተኛው ግን የተከራይ ነው። የከተማው ሰው ብዙው የራሱ ጓሮ የለውም። ተከራይዋ «እትዬ፣ ከአጥሩ ጥግ ትንሽ ጉድጓድ ብቆፍር ቅር ይልዎታል?» ብትል፣ አከራይዋ «ኧረ ልጄ፣ ዝንብና አይጥ ልትጠሪብኝ ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ያልተሸፈነ ልጣጭ በእርግጥ ዝንብ ይጠራል። በአፈር ወይም በገለባ የተሸፈነ ግን አይጠራም። የታችኛው የተበሳ አሮጌ ባልዲ፣ በልጣጩ ላይ በየቀኑ አንድ እፍኝ ደረቅ አፈር ቢጨመርበት፣ በረንዳ ላይ ሳይሸት ይቀመጣል። ሲሞላ ግን የሚወስደው ያስፈልጋል። የአንድ ተከራይ ጉብዝና እዚህ ላይ ያበቃል።

▪️ እንግዲህ ለማን ይሰጥ?

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ለዘመቻ ነው። ባነር ይሰቀላል፣ መጥረጊያ ይያዛል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በሳምንቱ ሁሉም ይረሳል። ኮምፖስት ግን ሦስት ወር ይፈልጋል፣ ዘመቻ ደግሞ ሦስት ወር አይቆይም።

ሦስት ወር ብቻ ሳይሆን ሦስት ትውልድ የቆየ ተቋም በየሰፈሩ አለ፤ እድር። እድር ድንኳን አለው፣ ድስት አለው፣ የሚጠራ አለው፣ የቀረን የሚቀጣ ሕግ አለው። አባላቱ የሚተዋወቁ ጎረቤታሞች ናቸው። በድግስና በለቅሶ ጊዜ ትራፊው የሚበዛውም በእሱ ድንኳን ሥር ነው። አንድ እድር ከቀበሌው አንድ ጥግ መሬት አግኝቶ ሦስት ጉድጓድ ቢቆፍር፣ አንዱ ሲሞላ፣ አንዱ ሲበስል፣ አንዱ ሲወጣ፣ ዓመቱን ሙሉ ይሽከረከራል። ጥበቃውን ለሰፈሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች መስጠት ይቻላል። የበሰለውን ደግሞ የጓሮ አትክልት ያላቸው አባላት ይካፈሉታል፣ የተረፈው ይሸጣል። መንግሥት በሌማት ትሩፋት ከተሜው ጓሮውን እንዲያለማ እየቀሰቀሰ ነው። ጓሮ ግን በቅስቀሳ አይለማም፤ አፈር ይፈልጋል።

ቅደም ተከተሉም አያቶች እንዳስቀመጡት ይሁን፤ መጀመሪያ ለሰው፣ ቀጥሎ ለእንስሳ፣ መጨረሻ ለአፈር። ንጹሕ ትራፊ እንጀራ ጉድጓድ መግባት የለበትም። የሆቴልና የትልልቅ ማዕድ ቤቶች ትራፊ ቡሌ ተብሎ በፌስታል ተደባልቆ ለድሃ እንዲሸጥ ከመተው፣ ሳይበላሽና ሳይነካካ ተለይቶ በክብር እንዲደርስ ማድረግ ይቻላል። ለሰው የማይሆነው ለበግና ለዶሮ ይሁን። ጉድጓድ የሚገባው የመጨረሻው ልጣጭ ነው።

የጋሪ ማኅበራትም አንድ ነገር ብቻ ቢቀይሩ ይበቃል፤ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ቀን መምጣት። በአንደኛው ቀን የሚበሰብሰውን፣ በሌላኛው ቀን የማይበሰብሰውን። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ የተለየውን ከሚያደባልቅ ጋሪ ጋር ውል ባይገባ።

የመጨረሻው የመንገድ ጉዳይ ነው። በገበያ ቀን ከጎዛምን ድንች ጭነው የሚገቡ አህዮችና ጋሪዎች ከሰዓት በኋላ ባዶ ይመለሳሉ። አህያዋ ድንቹን ይዛ መጣች፤ ስትመለስ የድንቹን ልጣጭ አፈር አድርጋ ብትወስድ፣ የተዘጋው መንገድ ይከፈታል። ገበሬው ነፃ አገኘሁ ብሎ የሚጠራጠር ከሆነ በትንሽ ዋጋ ይግዛው። ዋጋ ያለው ነገር ይከበራል።

በር ጥግ የቆመችው ከረጢት ዛሬም ሞልታለች። ላይዋ ላይ የተጻፈው የማዳበሪያ ስም ገና አልለቀቀም። ነገ ወደ ገደል ወይስ ወደ ማሳ እንደምትሄድ የሚወስነው ግን ማታ ራት ሲሠራ ልጣጩና ፌስታሉ ሲለያዩ ነው። ውሳኔው ያለው ወጥ ቤት ነው፤ ወጥ ቤቱ የለየውን ማደባለቅ ደግሞ ነውር ይሁን።